የአባትህ ማዶ

ሐምዛ ልጄ፣ የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ አባትህ መርሳት አብዝቷል። ማክሰኞ ከዙህር ሶላት ሳይመለስ ቀረ። የመስጊዱ ዘበኛ፣ «‹ቤቴ ማዶ ነው› ብለው ታክሲ ተሳፈሩ» አለኝ። ማዶ የሚለው ወሎ ሰፈር፣ ይሠራበት ከነበረው ጋራዥ ፊት ለፊት የነበረውን የፈረሰውን ቤታችንን እንደሆነ ገባኝ። ጎረቤታችን ካሊድ በመኪናው ወሰደኝ። አባትህ ጋራዡ በር ላይ ቁጭ ብሎ አስፋልቱን አሻግሮ ያያል።

«ማዶ ምንም የለም እኮ» አለኝ።

«ቤታችን ወዲህ ነው» ብዬ እጁን ይዤ መለስኩት። አሁን ብቻውን አላስወጣውም።

ትናንት ደግሞ «ሐምዛ የት ነው?» አለኝ። «ባሕር ማዶ» ብዬ ብመልስለት፣ «ማዶ ከሆነ ታዲያ ለምሳ ለምን አይመጣም?» አለ። አርብ ደውልለትና አንተው ንገረው።

ብርድ እንዳይመታህ። አላህ በጤና ያገናኘን።

እናትህ ሸምሲያ