ሐኪም ናት ያልኩሽ ጊዜ

ልጄ ረውዳ፣ አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፣ የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሱቃችን ፊት የሚያልፈው የወሰን መንገድ ስለተቆፈረ አባትሽ ከሱቁ ዕቃ ላይ አቧራ ሲጠርግ ይውላል።

ልጄ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ዳታቤዝ የምትይውን የኮምፒውተር ፈተና ሁለተኛ ጊዜ የወደቅሽ፣ ያመለከትሽባቸውም ቦታዎች «ልምድ የለሽም» ብለው የመለሱሽ ሰሞን፣ ጎረቤታችን አስካለች «ረውዳ ምን ደረሰች?» አለችኝ። አፍሬ «ሐኪም ናት» አልኳት።

ትናንት የጉልበቷን ራጅ ይዛ መጣች። «ፎቶ አንስተሽ ላኪላት፤ ከሷ በላይ የማምነው ሐኪም የለም» አለችኝ። ፊቴን እንዳታይ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቼ የማነብ አስመሰልኩ። በኋላ አልቻልኩም፤ እውነቱን ነገርኳት።

ራጁን ከእጄ ወሰደችና «ታዲያ የምትማረው ምንድን ነው?» አለችኝ። «የኮምፒውተር ነገር ነው» አልኳት፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለፊ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ከውሸቴ ይልቅ ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

አፉ በይኝ ልጄ። ምሳሽን ሳትበዪ ኮምፒውተር ላይ አትዋዪ። ለሦስተኛው ፈተና አላህ ልቦናሽን ያብራልሽ፣ ከሚያከብርሽ አሠሪ ያገናኝሽ። ሲመችሽ ደውይልኝና ሥራሽን እኔ በሚገባኝ አማርኛ አስረጂኝ። ቢደጋገምም አትሰልቺኝ።

እናትሽ ዘይነባ