በር ዘግታ ስላዳመጠችኝ ሲስተር

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ዶክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ፣ ጤናዎስ እንዴት ነው እላለሁ፤ የእኔን ጤና ግን እርስዎም ኮሪደሩም አብጠርጥራችሁ ስለምታውቁት በዚያ አላደክምዎትም። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልብስ እየሰፋች የምትተዳደር፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት፣ ገመናዬን አደባባይ ስላወጡት መልሱም እዚያው ቢሆን ወግ ነው ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለቤቴ ሲቀበር ገላዬ አብሮት አልተቀበረም። ብቻዬን ስሆን ራሴን በራሴ ማርካት፣ የተማሩት ግለ ወሲብ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ ልማድ ሆነኝ፤ እፎይ ብዬም እተኛ ነበር፤ ሲነጋ ግን ታምሜአለሁ፣ አብጃለሁ እያልኩ ራሴን ስረግም እውላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አምኜ በመጨረሻ ወደ እርስዎ ጤና ጣቢያ መጣሁ። ሲስተር የምንላት ነርስ ፊቴን አይታ በሩን ዘጋችና እስክጨርስ አዳመጠችኝ፤ ከዚያም እትዬ ጤነኛ ነዎት፣ ገላው የራስዎ ነው፣ ማንንም አልበደሉም፣ አያሳውርም፣ አያሳብድም፣ እንዲያውም ጭንቀት ያቀላል፣ እንቅልፍ ይሰጣል ብላ ነገረችኝ። አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዘመን ራሴን የቀጣሁት በከንቱ ነበር።

ይህች እፎይታ ሳትበዛብኝ ስለደረሱልኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ በሩን በርግደው ስለገቡ። ሠራተኛ ወሬ እንዳይዝ የሕክምና ክፍል በር ክፍት ይዋል የሚለው መመሪያዎ የታወቀ ነው፤ የወረፋው አግዳሚ ወንበር ከበሩ ጋር ተለጥፎ ስለሚገኝም፣ በእርስዎ ቸርነት የአንዱ ኪንታሮት የሁላችን ኪንታሮት ሆኖ በፍቅር እንኖራለን። በር ዘግታችሁ ምን ታወራላችሁ ብለው ሲጠይቋት፣ ሲስተር የታካሚ ምስጢር ነው ብላ አልናገርም ስትል ወደ እኔ ዞረው አፋጠጡኝ፤ እኔም ለሐኪም አይዋሽም ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩዎት፤ እርስዎ ደግሞ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት እንኳ እንዳያመልጣቸው አድርገው ጮክ ብለው ደገሙት።

ሁለተኛ፤ ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ስለሰጡን ነጻ ትምህርት። ይህ ክፉ ልማድ መቅኔ ያደርቃል፣ ዓይን ያፈዛል ሲሉ መነጽር ያደረገ ወረፋ ጠባቂ ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ አንዱ ጎልማሳማ አውልቆ ኪሱ ከተተው። የእርስዎ መነጽር ከሁሉም እንደሚወፍር ያላየ አልነበረም፤ ሰፈሩ ጨዋ ስለሆነ ግን ማንም አላነሳውም። በሽታ በሌለበት በሽታ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ያውም ዲግሪ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ።

ሦስተኛውንም በምስጋና ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ሲስተርን ነውር ልታስተምር በር ዘጋች ብለው ከሕክምና ክፍል አንስተው ካርድ ክፍል ወሸቋት፤ ይኸው አቧራ ስታራግፍ ትውላለች። ጎረቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ፣ ለባሏም ሳትነግር፣ ለሲስተር ልታሳይ መጥታ ነበር። በሲስተር ቦታ ሌላ ሰው፣ በሩም ወለል ብሎ፣ አግዳሚው ላይም የባሏ ወንድም ተቀምጦ ብታይ፣ ራስ ምታት ነበር ተሻለኝ ብላ ተመለሰች። ሌላ ቦታም ቢሆን ሂጂ ብዬ ለመንኳት፤ አንቺን ያደረጉሽን አይቻለሁ፣ ሆድ ይፍጀው አለችኝ። እብጠት መመሪያ አያነብም፣ ዶክተር፤ እርስዎ በር ሲያስከፍቱ እሱ ያድጋል። በእኔ የሚስቅ ይሳቅ፣ ቀሚሷን ሳይሰፋ መልሳ የወሰደች ደንበኛም ታምርበት፤ በጎረቤቴ ግን አንጀቴ አርሯል።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲስተር ወደ ክፍሏ ትመለስ፣ በሩም ይዘጋ። ስለ ግለ ወሲብ ያለዎትን እውቀት ማንም አይነካብዎትም፤ ለሴቶች ነፍስ የሚጠቅም ሰው ግን ከካርድ መደርደሪያ ሥር ያውጡልን።

ኮሪደሩ በሙሉ ስለሚያውቃት ስሟን መጻፍ ያላስፈለጋት፣
ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ምላስ ከልቧ የምትመኝ ታካሚዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልማዱን ያስተውሻል ብለው ያዘዙልኝን የእንቅልፍ ክኒን እሽጉን ሳልፈታ ልኬልዎታለሁ። እኔ በሬን ዘግቼ ለጥ ብዬ እተኛለሁ፤ የሰው በር በተዘጋ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጡት እርስዎ ነዎትና፣ እርስዎ ይዋጡት።