ከጎማ ዛፍ ሥር የለቀምነው ነዳጅ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለኤስሜል፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ወደቡ ላይ ከባድ ነገር አታንሣ ተብለህ ነበር፤ ሰማህ ወይስ እንደ ልማድህ እሺ ብለህ ቀጠልክ? ባለቤትህ ሉሲን ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማማ ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷስ ምንም አልደከመም።

ስለ ወፍጮው የሰማኸው እውነት ነው። ናፍጣ ሲወደድ የማኅበራችን የካሳቫ ወፍጮ ቆመ። ሴቶቹ ካሳቫቸውን በእጅ መፈግፈግ ጀመሩ፤ ጣታቸው ተላጠ፤ ከካሳቫው የምንሠራው ምግብ፣ አቼኬው፣ ለገበያ ቀን አልደርስ አለ። ሰብሳቢያችን ታንቲ ሜሌጅ "ቆሞ የሚዝግ ብረት ለማን ይጠቅማል? ሞተሩን ሸጠን እንገላገል" አሉ። ገዢም ተገኘ። እኔ ታዲያ ሞተር የተማርኩት የኛው ሲሸጥ ቆሜ ለማየት ነው? "ገዢው እስኪመጣ ታገሡኝ፤ ከዘይት ነዳጅ እሠራለሁ" አልኳቸው።

መጀመሪያ ያሰብኩት የፓልም ዘይት ነበር። ምን አለፋህ፣ ስብሰባው ላይ ጉድ ፈላ። ታንቲ ሜሌጅ ብድግ ብለው "አንቺ ፊሎሜን፣ ወጣችንን ለሞተር ልታጠጪው ነው? እኛ ደረቁን እንብላ?" ሲሉ ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነታቸውን እኮ ነው፤ ዋጋውም ቢሆን ከናፍጣ አይሻልም። የሰው አፍ የማይሻማው፣ ማንም ዋጋ ያላወጣለት ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

አንድ ቀን በሽማግሌው አኜሮ የጎማ ዛፎች መሃል ሳልፍ የፈነዳ ፍሬ መጥቶ አናቴን አለኝ። ብሰብረው ውስጡ ነጭና ቅባታም ነው። መርዝ ስላለበት ማንም አይበላውም። አኜሮን ብጠይቃቸው "ጠራርገሽ ውሰጂልኝ፤ ለኔ አረም ነው የሚሆነኝ" አሉኝ። ከመሬት ለቅመን፣ ጨምቀን፣ ዘይቱን ከአልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር ቀላቅዬ በርሜል ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ክዳኑን ስከፍት ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሳሙና! ወፍራም፣ ቡናማ ሳሙና። ታንቲ ሜሌጅ ቆንጠር አድርገው አሸተቱና "ጎሽ ልጄ፣ ሞተሩን ታጥቢበታለሽ" አሉ። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ስሜ ማዳም ሳሙና ሆኖ ቀረ። እማማ እንኳ ሳትቀር!

ተናድጄ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ጥፋቱ የፍሬው አልነበረም። እርጥብ መሬት ላይ የሰነበተ ፍሬ ዘይቱ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠ ዘይት ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ የረገፈውን በየዕለቱ ለቅሞ ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል። ለማድረቂያ አቼኬው ከተነሣ በኋላ ባዶውን የሚግለው ምድጃ አለ። ግን ማን ይልቀም? ያፌዙብኝን ሴቶች በምን አፌ ልለምናቸው? ይህን እያሰላሰልኩ ታንቲ ሜሌጅ ቅርጫት ይዘው በራችን ላይ ቆመዋል። "በዚያ ሳሙናሽ ልብስ አጠብኩበት፤ እድፉን ጠራርጎ ነው ያወጣው። እንዲህ ያለ ነገር የሠራ እጅ ነዳጁም አያቅተውም። ተነሺ እንሂድ!" አሉኝ። እሳቸው ሲወጡ ማን ቤቱ ይቀራል? ሴቱ ሁሉ ተከተለን። በየዕለቱ ለቅመን ወዲያው ምድጃው ላይ አደረቅነው፤ በዚህኛው ዙር ከበርሜሉ የወጣው ሳሙና ሳይሆን ቀጭን ነዳጅ ነበር።

ገዢው መፍቻውን ይዞ በመጣ ቀን ሞተሩን በጥቂት ናፍጣ አስነሣሁና ወደ ጎማው ፍሬ ነዳጅ አዞርኩት። ሳል ሳል አለው፤ ጭሱ ነጣ። ከዚያ ድምፁ ተስተካክሎ ወፍጮው ካሳቫውን ይፈጨው ጀመር። ኤስሜል፣ እልልታውን ብትሰማ! ታንቲ ሜሌጅ ወደ ገዢው ዞረው "አንተ ሰው፣ ካሳቫ ካለህ ወረፋህን ያዝ" አሉት። እሱም እየሳቀ መፍቻውን ወደ መኪናው መለሰ።

ሁሉም ነገር አልቋል አልልህም። ነዳጁን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ኖዝል ቶሎ ቶሎ ይቆሽሻል። ፍሬውም የሚረግፈው በወቅቱ ብቻ ስለሆነ፣ ለቀሪው ጊዜ ሙዝ ጠባሾቹ የሚደፉትን ዘይት እየሞከርኩ ነው፤ እሱም ይሆናል፣ ታያለህ።

እና ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ ሊብረቪል ስላገኘህልኝ የመጋዘን ሥራ አመሰግንሃለሁ፤ ለፍተህበታል። ግን ለሌላ ሰው ይሁን። አትቀየመኝ። ለመሳፈሪያዬ ባሰብከው ገንዘብ ጥሩ የዘይት ማጣሪያ ግዛና በሚመጣው መርከብ ላክልኝ፤ እስካሁን የምናጣራበት ጨርቅ አላዋጣንም።

እማማ "በጊዜ ብላ፣ በጊዜ ተኛ" ትልሃለች። አጎታችን ኖሜል መረቡን ጠግኖ ጨርሷል፤ ሰላም ብሎሃል። ታንቲ ሜሌጅም፣ ሽማግሌው አኜሮም እንዲሁ። ሉሲንን እቀፍልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

እህትህ ፊሎሜን
ዳቡ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2014