ከጫፉ ሥር የሚዘረጋ እጅ

ለተከበሩት አባቴ፤

ሰላምታዬ አስቀድሞ ለቀኝ እጅዎ ይድረስ፤ ቀጥሎም የሁለቱን ሥራ ብቻውን ለተሸከመው ለግራ እጅዎ፤ ከዚያም ለመላው ሰውነትዎ። እንዴት ሰንብተዋል? እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ? ጣቶችዎ ኩባያ መጨበጥ ጀመሩ ወይስ እንደ ፈዘዙ ናቸው? ሐኪሙ እየጨበጡ እንዲያፍታቱባት የሰጠዎትን የጎማ ኳስ ሳይሰለቹ ይይዟታል ወይስ እናቴ እንደምትለው «እኔ እንጨት እንጂ ጎማ አልጨብጥም» እያሉ ይወረውሯታል? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፤ ስለ ሆዴ ግን አይጠይቁኝ።

እኅቴ በስልክ እንደ ነገረችኝ፣ ከመታመምዎ በፊት ወፋፍራም ጣውላዎችን ጎን ለጎን በኮላ አጣብቀው የሠሩት የሥራ ጠረጴዛ ገበታ ዛሬም ከግድግዳው እንደ ተደገፈ ነው። ጫፎቹ ገና ስላልተስተካከሉ፣ እናቴ ባለፈች ቁጥር ወጣ ያለው ጣውላ ቀሚሷን ይይዝባታል። እርስዎ «ጥድፌ» የሚሏቸው ጎረቤታችን አናጢ «ልቁረጥልህ» ቢሉዎ፣ «ልጄ መጥቶ ይቆርጠዋል፤ የሚሠራበት እሱ ነው» ብለው መለሱላቸው አሉ። 

ይህን በሰማሁበት ሰሞን፣ እዚህ በሰው አገር የምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አለቃ ጠርቶኝ ልክ የእርስዎን የመሰለ ወፍራም ገበታ አሳየኝና ሁለቱን ጫፎች እንዳስተካክል አዘዘኝ። የኤሌክትሪኩ መጋዝ ውፍረቱን አይዘልቀውም፤ ስለዚህ በእጅ መጋዝ ነው የሚቆረጠው። እርስዎ እንዳስተማሩኝ መስመሩን ማዕዘን በሚለካው ስኳድራ ከላይ አሰመርኩ፤ በሁለቱም ጎን አወረድኩት፤ ከሥርም አዞርኩት። መነሻና መድረሻው ልክ ለልክ እስኪገጥም ድረስ ደጋግሜ ለካሁ። የሥራ ጓደኞቼ ተሳስቼ እንዳልቆርጥ መፍራቴን ያውቃሉና «ለኪው» የሚል ስም አውጥተውልኛል። አንደኛው «አይዞህ፣ ጣውላው እኮ አያድግም!» ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ።

አንደኛውን ጫፍ ከላይ በኩል እስከ ግማሹ ቆርጬ ገለበጥኩትና በሌላው በኩል ቀጠልኩ። ሰው ማስቸገር ስለ ፈራሁ ብቻዬን ነበርኩ። መጋዙ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጫፉ በራሱ ክብደት ዘመመና የገበታውን ጥግ ገንጥሎት ወደቀ።  ያን ጊዜ የተባረርኩ መስሎኝ መጋዙን አስቀመጥኩ። አለቃው መጥቶ ስንጣሪውን አነሣና አገላብጦ አየው፤ ከዚያ «ለሁለት ሰው የሚሆነውን ሥራ ለብቻህ ምን አስጀመረህ? ‹ና ያዝልኝ› ብትል ምላስህ ይቆረጣል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። የተገነጠለውን መልሰን በኮላ ለጠፍነው፤ በማጥበቂያው በሞርሳ ወጥረንም አሳደርነው።

በማግሥቱ ሁለተኛውን ጫፍ ስቆርጥ፣ መጋዙ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ አለቃው ሳልጠራው መጥቶ ከጎኔ በርከክ አለና ሁለት መዳፎቹን ከሥር ዘረጋ። «አልጫነውም፣ አላነሣውም፤ አንተ ዝም ብለህ ቁረጥ» አለኝ። አባቴ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ቃል ነው። ልጅ ሳለሁ ከሥር አስቀምጠውኝ «አትጫነው፣ አታንሣው፤ ክብደቱን ብቻ ተቀበለው» ይሉኝ አልነበረም? ጫፉ ተላቀቀና ቀስ ብሎ ከመዳፎቹ ላይ ዐረፈ፤ ጥጉም አንዲት ስንጣሪ ሳይነሣበት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ አለቃው ብናኝ የገባብኝ መስሎት «ሂድ ታጠብ» አለኝ። ስመለስ መስመር ማዞሩን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። አባቴ ናቸው አልኩት። «በሕይወት አሉ?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁለት።

እኅቴ ሆይ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና የሚቀጥለውን አትዝለይ፤ ድምፅሽንም አትቀንሺ።

አባቴ፣ ዘንድሮ አልመጣም። የመኖሪያ ፈቃዴ አልታደሰም፤ ሳይታደስ ከወጣሁ ተመልሼ የምገባበት በር የለም፤ መድኃኒትዎም ያለዚህ ሥራ አይገዛም። የመጪው ዓመት ነገርም አይታወቅም። በስልክ ልነግርዎ ደጋግሜ ደውዬ፣ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘግቻለሁ። እርስዎ ከገበታው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ሲሉ ይታየኛል። እባክዎ፣ እንዲህ ሆነው አይጠብቁኝ።

ጎረቤታችንን ያስጠሯቸው። ችኮላቸውን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እርስዎ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ መስመሩን በአራቱም ፊት ሳያዞሩ መጋዝ እንዳያነሡ ይከልክሏቸው፤ ቢቆጡም ይቆጡ። ከሥር የሚይዘው ግን ሌላ ሰው አይሁን። ጫፉ ሊላቀቅ ሲል ግራ እጅዎን ይዘርጉ፤ ቀኙንም እኅቴ አንሥታ ከግራው አጠገብ ታስቀምጥልዎ። ባይሰማውም ግድ የለም። አይጫኑት፣ አያንሡት፤ ክብደቱን ብቻ ይቀበሉት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው እግር ይተከልለትና ታናሽ ወንድሜ ይሥራበት።

እናቴ ሆይ፣ እንግዲህ ቀሚስሽ አይያዝም፤ ቁራጮቹን ግን አደራ እንዳትማግጃቸው። እኅቴ፣ ዓይኖችሽን ስሜልሻለሁ፤ ለጎረቤታችንም አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ እዚያው ተቀምጠው ከሆነ «ጥድፌ» የሚለውን እለፊው። ወንድሜ፣ ጠረጴዛው ላይ ሻይ እንዳታፈስበት፤ የአባባንም ቁጣ ቻለው። አባቴ፣ የሁለቱንም እጆችዎን መዳፍ እስማለሁ።

ልጅዎ

ከሥራ ቤቱ በላይ ካለችው መኝታ ክፍሌ፣
እሑድ፣ የካቲት 12 ቀን።