በሚካኤል ቀን የሠራው ማሽን

ኅዳር 4 ቀን 2004 ዓ.ም.
ዛሬም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ሳንጠባጥብ ዋልኩ። ሥራዬ ይኸው ነው... የጓሳ ጦስኝ ጭማቂ ላይ ጠብ ማድረግና ማየት። ውሃው ቢጫ ከሆነ ቅጠሉ ሰውነት ከውስጥ እንዳይዝግ ይከላከላል፣ ትላለች ዶክተር አመተሥላሴ። አንዱ ብልቃጥ ውስጥ ሻይ ጨመርኩላት። ወዲያው ቢጫ! "ይሄ የት የበቀለ ነው?" ስትል "ሻይ ቤት!" አልኳት። ሳቋን መያዝ አቃታት።

ኅዳር 8
ማሽን መጣ! ራሱ ይጠባል፣ ራሱ ያንጠባጥባል፣ ቀለሙን ራሱ ያነባል። ክንዱ ወዲያ ወዲህ ሲል እስክስታ የሚወርድ ይመስላል። አብሬው ወረድኩ። ከዚያ ዶክተሯ... "ትዕዛዙ፣ ከዚህ ወር በኋላ ለአንተ የሚሆን ሥራ አይኖርም።" ወይ ጉድ! የአሥረኛ ክፍል ፈተና የጣለኝ አንሶ አሁን ደግሞ ክንድ?

ኅዳር 11
ዶክተሯ ማሽኑን ሞልታ፣ ነገ ጠዋት በራሱ እንዲነሳ አድርጋ ደብረ ብርሃን ሄደች። "ነገ እኮ ሚካኤል ነው" ብላት፣ "ማሽን በዓል የለውም።" እሺ... እኔ ምን አገባኝ?

ኅዳር 13
ጉድ ፈላ! ትናንት ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ ከምንሠራበት ቤት ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰምቷል። ሞላሌ ከተማ በሙሉ ትዕዛዙ ሚካኤልን ሻረ ይላል! ጦስኝ የሚያመጡልን እትዬ እታገኝ ባዶ እጃቸውን መጡ።
"በዓል ለሚሽር ቤት አንዲት ቅጠል አናመጣም። እኔም፣ ሌሎቹም።"
"እትዬ፣ እኔ እኮ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ! ሲያዛጉ አይቼዎታለሁ!"
ይባስ ተቆጡ።

ኅዳር 15
ዶክተሯ ተመለሰች። ቅጠል የለም። ማሽኑ ምን ላይ ያንጠባጥብ? ጥናቱ ሊዘጋ ነው፤ እሷም ልታለቅስ ደርሳለች። እኔ ሳቄ መጣ... ትንሽ። ከተዘጋ ግን የእኔ የዚህ ወር ደመወዝስ?

ኅዳር 17
እትዬ እታገኝን ለምኜ አመጣኋቸው። ማሽኑን አስነሳሁት። አፋቸውን ይዘው አዩ።
"ሰው ሳይነካው?"
"ሳይነካው።"
"በሬ እንኳ በሚካኤል ከቀንበር ይፈታል! ይሄን የሚፈታው የለም?"
ቁልፉን ተጫንኩ። ጸጥ።
"ሆሆ! ይሰማል እኮ!" ሳቁ! ከዚያ ለዶክተሯ፣ "በየበዓሉ ዋዜማ ይፈታ። አንቺ ትረሺዋለሽ፤ ይሄ ቀልደኛ ይፍታው። ቢረሳ የት እንደማገኘው አውቃለሁ።"
ዶክተሯ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን።

ኅዳር 20
ጦስኙ በሸክም ገባ፤ ቤቱን አወደው። እኔም ሥራዬ ላይ ቀረሁ! ነገ ጽዮን ማርያም ናት። ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩ፣ ክንዱን መታ መታ አድርጌ "በል እረፍ" አልኩት። ፊቱ አንድ እቅፍ ጭድ አኖርኩለት። ከነገ ወዲያ ዶክተሯ በሩን ስትከፍት... ኧረ እስከዚያ እንዴት ልቆይ?