ስለ ባሕራችን አምላክ የደም ዓይነት

ለሚናሚሱ ደሴት ወደብ አስተዳደር ኃላፊ
ለክቡር አቶ ኦኩዳይራ

ክቡር ሆይ፣ እኛን የሚያቃጥለን የሐምሌ ሙቀት በማይደርስበት ቢሮዎ ውስጥ ጤናዎ እንደ አየር ማቀዝቀዣዎ ሳይቋረጥ ይዝለቅ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የምናዘዘው ጥፋት አለኝ። በዋናው በር የቆመውን የደሴቱን መሥራች ሐውልት ሄልሜት ያደረግሁለት እኔ ነኝ። «ያለ ሄልሜት ማለፍ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያዎ አጠገባቸው ተለጥፎ ሳለ ሽማግሌው ባዶ ራሳቸውን ቆመው ሳይ፣ ሕግ ተላላፊ እንዳይባሉ አዝኜላቸው ነው። ማሰሪያውንም አገጫቸው ሥር አጥብቄዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ደሴትዎ ደሴት ከመሆኑ በፊት ባሕር ነበር። አያቶቻችን በዝቅተኛው ውኃ ላይ ቀርከሃ እየተከሉ ኖሪ የምንለውን የባሕር ቅጠል ያለሙበት ነበር። ከዚያ መሥሪያ ቤትዎ ከባሕሩ ወለል አሸዋ በቧንቧ እየመጠጠ በማሳቸው ላይ ደፋበት፤ ደሴቱም ተወለደ። መጀመሪያ ብረት ቀለጠበት፤ ብረቱ ሲከስር የድንጋይ ከሰል ተከመረበት፤ ቀጥሎ ያረጁ መኪኖች ተጨፈለቁበት፤ ዛሬ ደግሞ ከሌላ ሰው ባሕር የመጣ ቱና ዓሣ በረዶ ሆኖ ተኝቶበታል። ለዚህ ሁሉ ልማት እናመሰግናለን። አያቴም ያመሰግናሉ፤ ምስጋናቸውን የሚገልጹት ወደ ደሴቱ ዞረው እንትፍ በማለት ነው።

በየሐምሌው የባሕራችንን አምላክ ከነእንጨት ማደሪያው በትከሻ ተሸክመን፣ የመጀመሪያው ቀርከሃ ወደ ተተከለበት ቦታ ወስደን እናጥበዋለን። ቦታው ዛሬ በቅጥርዎ ውስጥ፣ በሁለተኛው መጋዘንና በሽንት ቤቱ መካከል ይገኛል። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊዎች ለአንድ ጠዋት በሩን ይከፍቱልን ነበር፤ ሽማግሌዎቹም አስፋልቱ ላይ ቆመው ማደሪያው ላይ አንድ ባልዲ የባሕር ውኃ አፍስሰው፣ የሩዝ መጠጣቸውን ጠጥተው፣ እየተደጋገፉ ይመለሱ ነበር። ውኃውን የሚያፈስሰው በየዓመቱ አንድ ቤት በተራ ነው። የፊታችን እሑድ ተራው የአያቴ ነው። ባለፈው ተራቸው ጢማቸው ጥቁር ነበር፤ ስለሚቀጥለው ተራ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ማንም አያነሣም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው፦

1. ዘንድሮ ወደ ቅጥሩ የሚገባ ሁሉ ዕድሜውንና የደም ዓይነቱን እንዲያስመዘግብ አዘዋል። ሽማግሌዎቻችን ከማዕበል ይልቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስለሚፈሩ፣ የአምላካችንንም ሊሞሉ ተቀመጡ፤ በእኛ ዘንድ የደም ዓይነት ጠባይን ይናገራል ይባላልና። የሠፈራችን ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሞሮዙሚ፣ «ኦ ነው፤ ለሁሉ ሰጪ ነውና» አሉ። አያቴ፣ «ስንት ጀልባ ገልብጦ ነው ሰጪ የምትለው? ቢ ነው፤ እንደ አንተ ግትር» አሏቸው። አቶ ሞሮዙሚ «እኔ ኤ ነኝ» ቢሉ «እሱ ሐኪሙ ተሳስቶ ነው» ተባሉ። በመጨረሻ እጅ ወጥቶ አምላካችን በድምፅ ብልጫ ኦ ሆኗል።

2. ዕድሜ በሚለው ላይ አቶ ሞሮዙሚ በሐቀኝነት «ከሺህ በላይ» ብለው ጻፉ። እርስዎም ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ለደኅንነቱ ሲባል እንደማይገባ ገልጸው፣ አምላካችንን ከነተሸካሚዎቹ በትሕትና ከለከሉ። ክቡር ሆይ፣ በሠፈራችን ከስድሳ አምስት በታች ያለነው እኔ፣ ወንድሜና የአቶ ሞሮዙሚ ውሻ ነን፤ ውሻውም ያጠራጥራል።

3. በምትኩ ከበሩ ውጭ፣ መጠጥ መሸጫው ማሽን አጠገብ ውኃውን እንድናፈስስ በደግነትዎ ፈቅደዋል። ደብዳቤዎን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አያቴ «እዚያ ቀርከሃ አልተከልኩም» አሉ። ያን ዕለት ወደ ደሴቱ ዞረው እንትፍ እንኳ አላሉም።

ምናልባት ማንም ያልነገረዎት አንድ ልማድ አለን። ማደሪያው አንዴ ትከሻ ላይ ከወጣ በቦታው ሳይታጠብ መሬት አይነካም፤ ሳይታጠብም ወደ ቤቱ አይመለስም። ወደ ደሴትዎ የሚያስገባው ድልድይ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ጠባብም መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቻችን ማንንም ሳይሰድቡ፣ ደንብዎንም በአንዲት እርምጃ እንኳ ሳይጥሱ፣ ድልድዩ ላይ ተሸክመው ይቆማሉ። ማስቀመጥ አይችሉም፤ መመለስም አይችሉም። ከኋላቸው በፀሐይ ስለሚሰለፉት የቱና መኪኖች አስቀድሜ ከልብ አዝናለሁ። አለዚያ ደግሞ በሩን ይከፍቱና አያቴ አንድ ባልዲ ያፈስሳሉ።

ስለ ሽማግሌዎቻችን ጉልበት ከራሳቸው ይልቅ ለሚጨነቁት ለእርስዎ፣ እስከ መሬት ጎንበስ የምትለው፣ ዕድሜዋም ለመግባት የሚፈቀድላት፣

ናጊሳ ትሱሩማ
የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን በእጅዎ ላስረክብ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ «ቀጠሮ የለሽም» ስላሉኝ ሾፌሮችዎ ሁሉ በሚያልፉበት በዋናው በር ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ሁለቱ ቆመው አንብበውታል፤ አንዱ ለባልደረቦቹ ፎቶ አንሥቶ ልኮታል። ይህቺን መስመር ቆሜ ስጨምር የበሩ ጠባቂ አቶ ኢሶጋይ ከጎጇቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። እስከ ፊርማዬ ድረስ አነበቡት።

«ናጊሳ» አሉኝ፤ «ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ለጥፊው፤ ኃላፊው አጭር ናቸው።»