የዴንግ ደም

ጁባ፣ አትላባራ፤ ማክሰኞ ሰኔ 3

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ አልማዝ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የማትወደውንም ትጽፋለች።

ባለፈው ወር ወባ የልጅ ልጄን የሜሮንን ደም ጨረሰው። ሐኪሟ «ደም ካልተሰጣት አታድርም» አለች። አልማዝ ግን «ነፍስ በደም ውስጥ ናት፤ የሌላ ሰው ነፍስ በልጄ ላይ አልደርብም፣ እንጸልያለን» ብላ እምቢ አለች። ባሏ፣ ልጄ፣ መንገድ ላይ ነበር። እኔ አያቷ ነኝ ብዬ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። የእኔን ደም «አርጅተዋል አባባ» ብለው ናቁት። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ባለው ሱቃችን ዕቃ የሚሸከምልን ዴንግ ሰጠ። «ስትዳር የጥሎሿን ከብት እንካፈላለን» ብሎ ሳቀብኝ። ልጅቷ ዳነች።

ዛሬ ምሳ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት፣ ሜሮን እጇን ከሳህኑ አነሳችና «አባባ፣ ዴንግን በረደው፤ ከውሃው አውጡት» አለች። ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለም። ዝም ብለሽ ብዪ ብዬ ተቆጣኋት።

አመሻሽ ላይ የዴንግ ወንድም ከሰፈራቸው ከሸሪካት መጣ። ዴንግ ሊታጠብ ወንዝ ወርዶ አልተመለሰም። ልብሱ ዳር ላይ ተገኝቷል። እየፈለጉት ነው።

ሜሮን ብርድ ልብስ ተከናንባ በሩን በሩን ታያለች።

አልማዝ አሁን መጻፉን አቁማ «አባባ፣ ዛሬ ቢሆን ይፈርሙ ነበር?» አለችኝ።

አዎ ብለሽ ጻፊ። ጻፊ እንጂ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። አዎ ያልኩትን እንዳታልፊው።